ቀዳዳው መቼ ይጣፍ? ስለ ሰርቨር ጥገና ደንብ አጭር መግለጫ

ልብስ ሲቀደድ እራፊ ተፈልጎ ይጣፋል። መርፌና ክር ካለ ሥራው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ከልብስ የሚለይበት ነገር አለ። ይኸውም በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተገኘው ቀዳዳ በዚያው ፕሮግራም በሚሠሩት በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ መገኘቱ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት እራፊውን አዘጋጅቶ ለዓለም ሲያድል ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ለሌባውም ጭምር መንገሩ ነው። ሌባው አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ምን እንደ ተለወጠ ይመረምራል፤ ከዚያም እራፊውን ገና ያልጣፈውን ሰው በር ያንኳኳል።

ይህን እራፊ የሙያው ሰዎች «ፓች» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብነው ብዙ ሰርቨሮችን በክላውድ የተከራየ መሥሪያ ቤት ፓችን መቼ፣ በየትኛው ሰርቨር ላይ፣ በማንስ ፈቃድ እንደሚጭን የሚወስነውን ደንብ ነው፤ ደንቡም በትእዛዝ መስመር እንዴት እንደሚጻፍ እንገልጻለን። ነገሩ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው ብለው ገጹን ለመግለጥ የቸኰሉ የአርት ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ጥቂት ይታገሡን። እኛም ከዚያው ፋኩልቲ ነን። ጉዳዩን ስንመረምረው አብዛኛው የሕግ አጻጻፍ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው ብዕር ያነሣነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

መዘግየት ያመጣው ጉዳት

ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ላይ ለተገኘ አንድ ከባድ ቀዳዳ ማርች 14 ቀን 2017 ፓች አወጣ። ከ59 ቀን በኋላ፣ ሜይ 12 ቀን፣ «ዋናክራይ» የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቈለፈ። በእንግሊዝ አገር ከነበሩት 236 የሕዝብ ጤና ድርጅቶች ቢያንስ 80ዎቹ ታወኩ። ከ19,000 በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች እንደ ተሰረዙም በኋላ ተገመተ። እራፊው ሁለት ወር ያህል ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ የጐደለው በጊዜ የሚጥፈው ሰው ነበር።

በዚሁ ዓመት ኤክዊፋክስ በተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። «አፓች ስትራትስ» ለተባለ የፕሮግራም ክፍል ማርች 7 ቀን ፓች ወጣ። ኩባንያው እንዲህ ያለው ከባድ ቀዳዳ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጠገን የሚያዝ ደንብ ነበረው፤ ማርች 9 ቀንም ትእዛዙ በኢሜይል ለሠራተኞች ተላለፈ። ነገር ግን አንዱ ሰርቨር ሳይጠገን ቀረ። ከጥቂት ቀን በኋላ የተደረገውም ፍተሻ ይህን ሰርቨር አላገኘውም። ሌቦቹ በሜይ ወር ገብተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ሳይታወቁ ቈዩ፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችም የግል መረጃ ተወሰደ። ልብ እንበል፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ደንብም ትእዛዝም ነበረ። ያልነበረው ትእዛዙ በርግጥ ተፈጽሟልን ብሎ እስከ መጨረሻው የሚጠይቅ ነው።

መቸኰል ያመጣው ጉዳት

እንግዲያውስ ፓች እንደ ወጣ ወዲያውኑ በሁሉም ላይ ይጫን የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህም መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት አንድ ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ላከ። ኩባንያው ስሕተቱን ዐውቆ ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢያርመውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተበላሽተው ነበር። አውሮፕላኖች ከመነሣት ተከለከሉ፤ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። ከተበላሹት ብዙዎቹ በሰው እጅ አንድ በአንድ ካልሆነ የማይነሡ ሆኑ። የዚህ ፋይል ዐይነትና የአላላኩ መንገድ ከተራው ፓች ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በጥቂቶች ላይ ሳይሞከር ለሁሉ የሚታደል መድኀኒት ራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የደንቡ ዋና ጥያቄ «ስንት ቀን እንጠብቅ?» የሚለው ነው። የመጠበቂያው ቀን ሲበዛ ለሌባው፣ ሲያንስ ለስሕተቱ በር ይከፈታል። ይህን ቍጥር ማሽኑ ራሱ አያወጣውም፤ ሰው ተመካክሮ ይቈርጠዋል።

የተከራየነውን ቤት ማን ይጠግናል?

ክላውድ ሲባል ብዙ ሰው ጥገናውም ሁሉ የአከራዩ ሥራ ይመስለዋል። ነገሩ እንደ ቤት ኪራይ ነው። ለምሳሌ በአማዞን ዌብ ሰርቪስስ ተራ ሰርቨር የተከራየ ሰው፣ ሕንጻውን፣ መብራቱንና የማሽኖቹን አካል አማዞን ይጠብቅለታል። በተከራየው ሰርቨር ውስጥ ያለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በላዩ የጫናቸውን ፕሮግራሞች መጠገን ግን የተከራዩ የራሱ ግዴታ ነው። አከራዩ ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ ያቀርባል፤ ስሙም «ሲስተምስ ማኔጀር» ሲሆን ከክፍሎቹ አንዱ «ፓች ማኔጀር» ይባላል። ሌሎች አከራዮችም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው፤ እኛ ይህን ለምሳሌ ያህል ወስደነዋል።

በዚህ መሣሪያ በሥዕላዊው ገጽ እየነኩ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ትእዛዙን በጽሑፍ መስጠት ትልቅ ጥቅም አለው። እየነኩ የሠሩት ሥራ እንዴት እንደ ተሠራ በኋላ ለማየት ያስቸግራል። የተጻፈው ትእዛዝ ግን በፋይል ይቀመጣል፤ ባልደረባ ከመፈጸሙ በፊት አንብቦ ይተቸዋል፤ የዛሬው ካምናው ጋር ይነጻጸራል። በቃል የሚነገርን ልማድ በጽሑፍ ሕግ እንደ መለወጥ ነው።

ደንቡ እንዴት ይጻፋል?

አስቀድሞ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። በየሰርቨሩ ውስጥ የመሣሪያው ወኪል የሆነ አነስተኛ ፕሮግራም መኖር አለበት፤ ሰርቨሩም ከሲስተምስ ማኔጀር ጋር ለመነጋገር ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። እነዚህ የሌሉት ሰርቨር በመዝገቡ ላይ ስለማይታይ ደንቡ አይደርሰውም። ከዚያ በኋላ ሥራው በአምስት ደረጃ ይከፈላል።

1ኛ፤ መመዘኛውን ማውጣት። ይህ «ክሪኤት ፓች ቤዝላይን» በሚለው ትእዛዝ ይፈጸማል። በትእዛዙ ውስጥ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዐይነት ይጠቀሳል፤ ቀጥሎም የትኞቹ ፓቾች እንደሚጸድቁ ይጻፋል። ለምሳሌ «የደኅንነት ፓቾች ሆነው ክብደታቸው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሆኑት፣ ከወጡ ከ5 ቀን በኋላ ይጽደቁ» ለማለት ይቻላል። የመጠበቂያው ቀን የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ጉዳት ማድረሳቸው የታወቁ ፓቾችም በስማቸው ተጠቅሰው ሊከለከሉ ይችላሉ።

2ኛ፤ ሰርቨሮቹን በቡድን መለየት። በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ «ፓች ግሩፕ» የሚል መለያ ይለጠፍበታል፤ አንዱ ቡድን ለሙከራ፣ ሌላው ለዋናው ሥራ ይሆናል። ከዚያም ቡድኑ «ሬጂስተር ፓች ቤዝላይን ፎር ፓች ግሩፕ» በሚለው ትእዛዝ ከመመዘኛው ጋር ይያያዛል። ለሙከራው ቡድን 0 ቀን፣ ለዋናው 5 ቀን ቢደረግ፣ የፓቹ ጠንቅ በጥቂቶቹ ላይ ታይቶ ለብዙዎቹ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቡድኑ ስም በአንዲት ፊደል ቢሳሳት መሣሪያው አይከራከርም፤ ያን ሰርቨር ለዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነባሪነት በተመደበው መመዘኛ ያስተዳድረዋል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ሒሳቦች ባንድነት የሚያገለግል «ፓች ፖሊሲ» የሚባል ሌላ መንገድ ስለ ተጨመረ፣ በዚያ የሚሠራ ሰው በፓች ግሩፕ መለያ አይጠቀምም።

3ኛ፤ የጥገናውን ሰዓት መወሰን። «ክሪኤት ሜንተናንስ ዊንዶው» የሚለው ትእዛዝ ጥገናው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጀመር፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ከማለቁ ስንት ሰዓት አስቀድሞ አዲስ ሥራ መጀመር እንደሚቆም ይወስናል።

4ኛ፤ ሥራውን ማዘዝ። ለዚያ ሰዓት ሰርቨሮቹና ሥራው ይመዘገባሉ። ሥራው ሁለት ዐይነት ነው፤ «ስካን» ቢባል ፈትሾ ብቻ ይናገራል፣ «ኢንስቶል» ቢባል ይጭናል። ባንድ ጊዜ ከመቶው ስንቱ እንዲጠገን፣ ስሕተቱም ከስንት ሲበልጥ ሥራው እንዲቆም የሚጻፈው በዚሁ ትእዛዝ ውስጥ ነው። ከመቶው 10ሩ ብቻ ባንድ ጊዜ ይጠገን ተብሎ ከተጻፈ፣ መጥፎ ፓች ቢመጣ እንኳ ጥፋቱ ዘጠና እጁ ላይ ሳይደርስ ለመያዝ ይቻላል።

5ኛ፤ ውጤቱን መጠየቅ። «ዲስክራይብ ኢንስታንስ ፓች ስቴትስ» የሚለው ትእዛዝ በየሰርቨሩ የተጫነውን፣ የጐደለውንና ሳይሳካ የቀረውን በቍጥር ያሳያል።

የሰዓቱ ነገር

በሦስተኛው ደረጃ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚያሳስት ነገር ስላለ ለብቻው እንጠቅሰዋለን። የሰዓት ክልል ካልተጠቀሰ መሣሪያው የሚቈጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቈጠራውም የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሥራ በሌለበት በሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጠገን አስቦ «8» ብሎ ቢጽፍ፣ ጥገናው የሚጀመረው በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህም ባለጉዳይ በየመስኮቱ ተሰልፎ የሚጠባበቅበት ሰዓት ነው። ሰርቨሮቹም ተራ በተራ እየጠፉ መነሣት ይጀምራሉ። መድኀኒቱ ቀላል ነው። በትእዛዙ ውስጥ የሰዓቱ ክልል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ተብሎ ይጠቀስና ሰዓቱ «2» ተብሎ ይጻፋል።

ሪፖርቱን እንዴት እንመነው?

በመጨረሻ ለአለቃ የሚቀርበው «ሰርቨሮቹ ሁሉ ደንቡን አሟልተዋል» የሚለው ሪፖርት ነው። ይህን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፤ ምክንያቱም ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ደንቡ ገና ያላጸደቀው ፓች በአብዛኛው እንደ ጐደለ አይቈጠርም። የመጠበቂያውን ቀን 90 ያደረገ መሥሪያ ቤት ለሦስት ወር ያህል ቀዳዳውን ተሸክሞ ሪፖርቱ ንጹሕ ሊሆንለት ይችላል። የዋናክራይን 59 ቀን እዚህ ላይ ማስታወስ ነው። ሕጉን ያላላ ሰው ወንጀለኛ አይገኝበትም።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፓች ተጭኖም ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ አይሠራም፤ አሮጌው ፕሮግራም በማሽኑ ትዝታ ውስጥ እንዳለ ይቀጥላል። ሪፖርቱ «ተጭኗል፣ መነሣት ይቀረዋል» ሲል ቀዳዳው ገና አልተደፈነም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው በሊኑክስ ላይ የሚያየው በመደበኛው የፕሮግራም ማከማቻ በኩል የተጫነውን ነው። አንድ ሠራተኛ ከሌላ ቦታ አምጥቶ በፕሮግራሙ ውስጥ የከተተውን ክፍል አያውቀውም። ቀዳዳው እንደ አፓች ስትራትስ በመተግበሪያው ሆድ ውስጥ ሲሆን በሌላ መንገድ የሚፈልገው ሰው ያስፈልጋል።

ለጓደኞቻችን

ከመካከላችን ሰርቨር የሚጠግነው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን በነገው ዕለት በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጠን የሰው ስምና የሰው ምስጢር በአደራ እንቀበላለን። በዚያን ጊዜ «ይህ የቴክኒክ ክፍል ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትእዛዙን አጻጻፍ ባናውቅ እንኳ ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ እንችላለን። ስንት ቀን እንጠብቃለን፤ ይህንስ ቍጥር ማን ቈረጠው? ቀዳዳው ከባድ ሆኖ ሌቦች ሲጠቀሙበት ከታየ፣ ቀኑን ሳይጠብቅ «አሁኑኑ ይጫን» የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ትእዛዙ ከተላለፈ በኋላስ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ መድረሱን ማን አረጋገጠ?

ለነዚህ ጥያቄዎች የሰው ስም ተጠቅሶ መልስ ከተገኘ ደንቡ ሕያው ነው። መልሱ «ተነግሯቸዋል» የሚል ብቻ ከሆነ ግን፣ ኤክዊፋክስም ነግሮ ነበርና፣ ቀዳዳውን ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው መፍራት ይገባል።