ያገለገለ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት፦ የኮምፒውተሩን ይዘት በትእዛዝ መስመር ስለ ማረጋገጥ

ላፕቶፕ ኮምፒውተር ለአብዛኛው ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። በመሆኑም በርካታ ዜጎች ለልጆቻቸው ትምህርትም ሆነ ለራሳቸው ሥራ አዲሱን ትተው፣ ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየውን፣ በገበያው አነጋገር «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለውን ይገዛሉ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ በደኅና ተይዞ የቆየ ላፕቶፕ በርካሽ ከሚሸጥ አዲስ ላፕቶፕ ተሽሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ገዥው የሚያየው ሽፋኑን ሲሆን ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለውስጡ መሆኑ ነው። በሽፋኑ ላይ «ኮር አይ 7» የሚል ምልክት ተለጥፎ ቢታይ፣ ምልክቱ ተነሥቶ በሌላ ሊተካ የሚችል ወረቀት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ይገኛል። የዊንዶውስ ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተር ሁሉ «ሲስተም ኢንፎ» የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል። መሣሪያው ክፍያም ሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ አንዲት ቃል ሲጻፍለት የኮምፒውተሩን አምራች፣ ሞዴል፣ ፕሮሰሰር፣ የማስታወሻ መጠንና ሌላም ዝርዝር በጽሑፍ ያወጣል።

የጽሑፍ ትእዛዝ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የተተወ የሚመስላቸው ተገልጋዮች አሉ። በእርግጥም ባለሙያው በየዕለቱ የሚሠራበት ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጎሮ አካባቢ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የመረጃ ማዕከላት ይገኛሉ። በእንዲህ ዓይነት ማዕከላት በመደርደሪያ የሚደረደሩት ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ስክሪን የላቸውም፤ ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ በመጻፍ «ምን ያህል ማስታወሻ አለህ? ዲስክህ ደኅና ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እነርሱም በጽሑፍ ይመልሱለታል። ላፕቶፕ ለመግዛት ከሱቅ የገባ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚያስፈልገው የሁለት ደቂቃ ጊዜና የሻጩ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚነፍግ ሻጭ ካጋጠመዎ ከሌላ ሱቅ ቢገዙ ይመረጣል።

አጠቃቀሙ

ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንደያዙ የ«አር»ን ፊደል ይጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው ጽፈው ኢንተርን ሲጫኑ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። የትእዛዝ መስመር የሚባለው ይህ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤም፣ አይ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኦ የሚሉትን ፊደላት ያለ ክፍተት አያይዘው ጽፈው እንደገና ኢንተርን ይጫኑ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ዝርዝሩ ይወጣል። ትእዛዙ መረጃ ያሳያል እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ የሚቀይረው ወይም የሚያጠፋው ነገር የለም፤ ሻጩ ቢሠጋ ይህንኑ ሊያስረዱት ይችላሉ።

ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም ገዥን በቀጥታ የሚመለከቱት መስመሮች ጥቂት ናቸው።

የአምራቹና የሞዴሉ ስም ሻጩ ከነገረዎ ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። ቀጥሎ የሚታየው አጠቃላይ የማስታወሻ ማለትም የራም መጠን ነው፤ የሚጻፈው በሜጋባይት ሲሆን 8 ጊጋባይት ማለት 8192 ሜጋባይት ነው። ኮምፒውተሩ ለራሱ ሥራ የሚይዘው ስላለ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢታይ ጉድለት አይደለም። «8 ጊጋ ነው» ተብሎ 4000 አካባቢ ከታየ ግን ከሁለት ማስታወሻዎች አንዱ ወጥቷል፣ ወይም ተበላሽቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው። ልዩነቱ ለተማሪ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ትብብር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከሚሰጡት ነፃ ሥልጠናዎች አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም በትንሹ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ ይፈልጋል። በ4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ሥልጠናውን የጀመረ ወጣት ትምህርቱ ሳይከብደው ኮምፒውተሩ ያስቆመዋል።

ሥርዓቱ የተጫነበት ቀን የሚለው መስመር ብዙ ገዥዎችን ያሳስታል። ቀኑ ዊንዶውስ የተጫነበት እንጂ ኮምፒውተሩ የተመረተበት አይደለም፤ ሻጩ ትናንት ማታ እንደገና ጭኖት ከሆነ የትናንቱ ቀን ይታያል። ለዕድሜው የተሻለ ጠቋሚ ከባዮስ ስሪት ጎን የሚገኘው ቀን ነው። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው፤ ሊታደስ ስለሚችል ቀኑ ከምርቱ ዘግይቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ቀን አዲስነትን አያረጋግጥም፤ «ያለፈው ዓመት ምርት ነው» በተባለ ላፕቶፕ ላይ የ2013 ቀን መታየቱ ግን ጥያቄ ለማንሣት ይበቃል። የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

የተመዘገበ ባለቤትና ዶሜይን የሚሉትን መስመሮችም ሳያዩ አይለፉ። በዶሜይን አንጻር «ወርክግሩፕ» የሚል ከተጻፈ የተለመደ ነው። በምትኩ የድርጅት ስም ከታየ ኮምፒውተሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት መረብ ጋር ተያይዞ የነበረና በሥርዓት ያልተራገፈ ነው። በሕጋዊ መንገድ የተወገደ ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

በአንድ ትእዛዝ የማይታዩ ነገሮች

ሲስተም ኢንፎ የፕሮሰሰሩን የንግድ ስም ላያሳይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የቤተሰብ፣ የሞዴልና የደረጃ ቁጥር ነው። ለምሳሌ «ቤተሰብ 6፣ ሞዴል 142» የሚል ቁጥር በኢንቴል 7ኛ ትውልድም በ8ኛ ትውልድም የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ይገኛል፤ የሚለያቸው ቀጥሎ የሚመጣው የደረጃ ቁጥር 9 ወይም 10 መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ስለማያስፈልግ በዚያው ጥቁር መስኮት ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ብለው ይጻፉ፤ በሚከፈተው ሌላ መስኮት ላይ የፕሮሰሰሩ ስም በግልጽ ይነበባል። «አይ 5» ወይም «አይ 7» ከሚለው ይልቅ ከሰረዙ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ትውልዱን የሚናገረው እርሱ ነው። 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 7200 ከሆነ 7ኛ፣ በ11 የሚጀምር ከሆነ 11ኛ ትውልድ ነው። የቆየ አይ 7 ከአዲስ አይ 5 ሲያንስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ትውልዱ አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ ይቀበላል፤ በተጨማሪም 4 ጊጋባይት ማስታወሻ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። የቲፒኤሙን ስሪት ለማየት ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ከላይ የጠቀስነው የ7ኛና የ8ኛ ትውልድ ልዩነት እንግዲህ የአንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጥበቃ ያለውና የሌለው ኮምፒውተር ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በኮምፒውተሩ የባንክ ሒሳቡን ለሚያንቀሳቅስ ወይም የመንግሥት አገልግሎት ለማግኘት ሰነዶቹን ለሚልክ ሰው ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ተጭኖ መገኘቱም ብቻውን አያሳምን፤ ብቁ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ መስፈርቱን አልፎ መጫን ስለሚቻል፣ እንዲህ የተጫነው ደግሞ ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም።

ዲስኩን ለማየት በጥቁሩ መስኮት ፓወርሼል ብለው (ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ኤስ፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤል) ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ቀጥሎ ጂ፣ ኢ፣ ቲ፣ ሰረዝ፣ ፒ፣ ኤች፣ ዋይ፣ ኤስ፣ አይ፣ ሲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኬ የሚለውን ሲጽፉ የዲስኩ ስም፣ ዓይነቱ ኤስኤስዲ ወይም ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ መሆኑ፣ የጤንነቱ ሁኔታና መጠኑ ይወጣል። እዚህ ላይ ሻጭን ያለ ጥፋቱ የሚያስወቅስ ነገር አለ፦ 500 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ 465፣ 256 የተባለው 238 ሆኖ ይታያል። አምራቾች በ1000 እያባዙ፣ ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት እንጂ ማታለል አይደለም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው፤ ብዙ ገዥዎችም ሳይጠይቁ የሚያልፉት ይህንኑ ነው። ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብለው፣ ክፍተት ትተው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን መስመር (/) አስገብተው፣ ቢ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር፣ ዋይ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ የሚለውን ያያይዙ። ኮምፒውተሩ አንድ ሪፖርት አዘጋጅቶ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርዎታል። ሪፖርቱን ከፍተው ሲያነቡ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን መጠን ያገኛሉ። ሲመረት 50,000 የነበረው ዛሬ 25,000 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ዋጋ የሚያስቀንስ ነጥብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ዊንዶውስ የሚያሳየውን የፕሮሰሰር ስም፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም መለወጥ ይቻላል። ጥርጣሬ ከገባዎ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲነሣ ያድርጉና ወዲያውኑ የባዮሱን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ቁልፉ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው፤ በሌኖቮ እንደ ሞዴሉ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ይሆናል። ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ የሚታየው የፕሮሰሰር ስም በዚህ ዘዴ አይነካም።

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ጉዳዩ ያጥራል፦ ኤል፣ ኤስ፣ ሲ፣ ፒ፣ ዩ የሚለው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ስሙ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ የሚለው ዲስኮቹን ያሳያል። ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ነገር ግን ደኅና የሆነ ኮምፒውተር በእጁ ላለ ሰውም ሊኑክስ መጫን ያለ ወጪ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኛ መንገድ ነው።

ደረሰኝና መብት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ በተግባር የሚጠቅመው ግን የተነገረው ነገር በጽሑፍ ሲቀር ነው። በደረሰኙ ላይ «አንድ ላፕቶፕ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ለማስረዳት ያስቸግራል። ስለሆነም ሞዴሉ፣ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙና የዲስኩ መጠን እንዲሁም የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር በደረሰኙ ወይም በአባሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንዲፈረምበት ይጠይቁ። መለያ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ሥር ይገኛል፤ በባዮሱ ውስጥ ከሚታየው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ከመደበኛ ሱቅ ውጭ በቴሌግራም ማስታወቂያ ከግለሰብ ሲገዙ ደረሰኝ ስለማይኖር ይህን ወረቀት በምስክር ፊት መፈራረም ይበጃል። የተሸጠልዎ ዕቃ ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ካገኙት ሰነዱን ይዘው ንግድ ቤቱ ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ኮምፒውተር ለጥገና ከመስጠትዎ በፊትም ይኸው ዘዴ ያገለግላል። ሲስተም ኢንፎ ብለው ከጻፉ በኋላ ክፍተት ትተው፣ የሚበልጥ ምልክት (>) አስገብተው፣ ፒ፣ ሲ፣ ነጥብ፣ ቲ፣ ኤክስ፣ ቲ ብለው ሲጨርሱ ዝርዝሩ በስክሪኑ ላይ በመታየት ፈንታ በፋይል ይቀመጣል። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጠው ቤት ያኑሩት፤ የዲስኩን ዝርዝርም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ። ኮምፒውተሩ ሲመለስ ትእዛዙን ደግመው አዲሱን ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ፤ የራሙ መጠን ቀንሶ ቢገኝ ከባለሙያው ጋር የሚነጋገሩት በማስረጃ ይሆናል። ዝርዝሩ የባለቤቱን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም የኢሜይል አድራሻውን፣ የኮምፒውተሩን መጠሪያና የመረብ አድራሻዎቹን ስለሚይዝ ምክር ለመጠየቅ ብለው በቴሌግራም ቡድን ላይ እንዳለ አይለጥፉት። የሚያስፈልገውን መስመር ብቻ ቆርጠው ይላኩ።