ሰቆጣ የላሊበላ ጓሮ አይደለችም

ወፍጮው ሲሟልጥ ሴቶቹ ቁጭ ብለው ይወቅሩታል። «ውቅር» እና «ውቅሮ» የወጡት ከዚሁ ግስ ነው። ታዲያ አንድ ሰው «ውቅሮን አይቻታለሁ» ቢልዎ የትኛዋን ብለው ይጠይቁት። ብዙው ሰው የሚያስበው ከመቀሌ በስተሰሜን ያለችውን ከተማና የጨርቆስን ቤተ ክርስቲያን ነው። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ግን ያለችው በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳትርቅ ነው። እንግዶች ስለ እሷና ስለ አገሯ ከሚያወሩት ውስጥ መቃናት ያለበት ብዙ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የላሊበላ ቅጂ ናት» ይባላል። አለት ወቅሮ ቤተ ክርስቲያን ማነጽ የአንድ አገር ብቻ ጥበብ አልነበረም፤ በትግራይ ብቻ ከመቶ በላይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሰቆጣ ደግሞ በትግራይና በላስታ መካከል ያለች አገር ናት። የላሊበላዎቹ 11 አብያተ ክርስቲያናትስ ቢሆኑ? ትውፊቱ ሁሉንም ለአንድ ንጉሥ ይሰጣል። የአርኪዮሎጂ ሊቁ ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን በተለያዩ ዘመናት የተወቀሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከንጉሡ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማሉ ሲል ተከራክሯል። የዋናው ዕድሜ ገና እያከራከረ ሌላውን ቅጂ ማለት ችኮላ ነው።

በመስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹማምንት አስከሬን ሳይፈርስ ተቀምጧል። ይህን የሰማ እንግዳ ወዲያው «እንደ ፈርዖኖቹ!» ይላል። የግብፆቹ አሠራር ሌላ ነው፤ የሆድ ዕቃ ይወጣል፣ ሬሳው ናትሮን በሚባል ጨው ይደርቃል፣ ከዚያ በጨርቅ ይገነዛል። ነገር ግን ደረቅና አየር የሚያገኝ ዋሻም ሬሳን ሳይበሰብስ ሊያደርቅ ይችላል። አስከሬኑ ስላልፈረሰ ብቻ ግብፃዊ ባለሙያ ከዓባይ ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያከራክረው የዙፋኑ ወሬ ነው። «ዛጉዌዎች በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን በፈቃዳቸው ለይኩኖ አምላክ አስረከቡ፤ ዋግሹምነትም ካሣቸው ሆነ» ሲባል ያልሰማ የለም። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ደም የለበትም። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሚያወሳው መጽሐፋቸው የሚተርኩት ግን ሌላ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1270 ሥልጣን የያዘው ተዋግቶ ነው፤ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ እስከ ጋይንት አሳዶ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገድሎታል። የስምምነቱ ትረካ የተጻፈው ዘግይቶ ነው።

ያም ሆኖ ትረካው ከነጭራሹ ከአየር የመጣ አይመስለኝም። ከዛጉዌ እንወርዳለን የሚሉት ዋግሹሞች ሰቆጣን ማዕከላቸው አድርገው ዋግን ለዘመናት ገዝተዋል፤ በንጉሥ ፊት በወንበር መቀመጥን የመሰለ ሌላ መኳንንት የማያገኘው ክብርም ይነገርላቸዋል። ድል አድራጊው የተሸናፊውን ዘር ጨርሶ ከማጥፋት ይልቅ በቦታው ማቆየት ሳይሻለው አልቀረም። ዙፋኑንም ቢሆን አልረሱትም፤ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፣ በ1871 ዓድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ።

«ያላመነ አይገባም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ካህኑን አስፈቅዶ፣ ጫማ አውልቆ መግባት ይቻላል፤ መቅደሱ ግን ለካህናት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የአስጎብኚዎች ነው፦ «ድንጋይ ነው፣ ምን ይሆናል!» በጃፓን ኪዮቶ ዛሬ ጎብኚ የሚጋፋበት ወርቃማው የኪንካኩጂ ሕንፃ የ14ኛው መቶ ዓመት ነው ሲባል ይሰማል፤ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደ ጥንቱ የተሠራ ነው። የእንጨት ቤት በእንጨት ይተካል። የሰቆጣው ግን ከአለቱ ላይ እየተነሣለት የተሠራ እንጂ እየተጨመረለት የተሠራ አይደለም። በእጅ መዳበስ የሟለጠን ቅርጽ መልሶ የሚሞላ ጠራቢ የለም፤ እንደ ወፍጮው ልወቅረው ቢል ደግሞ የቀረውን ይቀንሰዋል።