በሲኒማ ካሜራ ሥዕል ላይ ስለሚታየው «ኖይዝ» እና ስለሚቀነስበት ዘዴ



በደካማ ብርሃን የተነሣ ፊልም ስንመለከት በጨለማው ቦታ ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ እናያለን። ይህንኑ የሙያው ሰዎች «ኖይዝ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ጫጫታ ማለት ነው። በዓይን የሚታየው ነገር በጆሮ ስም የተጠራው ቃሉ ከሬዲዮና ከስልክ መሐንዲሶች የተወረሰ በመሆኑ ነው። ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀነስ በመጠኑ ለማስረዳት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የዲጂታል ካሜራ ዓይን «ሴንሰር» ይባላል። እርሱም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች የተደረደሩበት የሲሊከን ገበታ ነው። ብርሃን ደግሞ «ፎቶን» በሚባሉ ቅንጣቶች ይመጣል። በግቢያችን ብዙ ጣሳዎች ብንደረድርና ካፊያ ቢጥል፣ በአንዱ አምስት፣ በሌላው ዘጠኝ ጠብታ ይገባል፤ ዶፍ ቢወርድ ግን ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። የብርሃንም ነገር እንዲሁ ነው። የመዛባቱ መጠን የፎቶኖቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። 100 ፎቶን ሲገባ መዛባቱ 10 ያህል፣ ማለት ከመቶ 10 ይሆናል፤ 10,000 ሲገባ ግን 100፣ ማለት ከመቶ 1 ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሴንሰሩ ሙቀትና ምልክቱን የሚያነበው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የየራሳቸውን ኖይዝ ይጨምራሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት በቂ ብርሃን ነው። ሁለተኛው የካሜራ ሠሪዎች ጥበብ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው የአሪ አሌክሳ ካሜራ ከእያንዳንዱ ተቀባይ የሚመጣውን ምልክት በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ ያነባል፤ አንዱን ብዙ፣ ሌላውን ጥቂት አጉልቶ፣ በመጨረሻ ሁለቱን ያዋሕዳል። በ2014 የወጣው የፓናሶኒክ ቫሪካም 35 ደግሞ 800 እና 5000 የሆኑ ሁለት መነሻ አይኤስኦዎች አሉት።

ሦስተኛው መድኃኒት ከቀረጻ በኋላ በኮምፒዩተር የሚደረገው ነው። ይኸውም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአንድ ሥዕል ውስጥ ጎረቤት ነጥቦችን እያስተያየ ያለሰልሳል። ሁለተኛው ተከታታይ ሥዕሎችን ያስተያያል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ሥዕል ስለሚያነሣ፣ ግድግዳው ባለበት ሲቆይ ኖይዙ ግን በየሥዕሉ ይለዋወጣል። አራት ሥዕሎች ተደምረው ለአራት ቢካፈሉ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘጠኝ ቢሆኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ነገር ግን የሚንቀሳቀስ እጅ በዚህ ዘዴ ከኋላው ጥላ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭና ኒት ቪዲዮ ያሉት ፕሮግራሞች እንቅስቃሴውንም ይከታተላሉ።

ይህ ጉዳይ ለእኔ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሴት አያቴ የልጅነታቸውን ታሪክ በኩራዝ ብርሃን ሲያጫውቱን፣ የፊልም ባለሙያ የሆኑት አጎቴ በሲኒማ ካሜራ ቀርጸዋቸው ነበር። አያቴ ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ሥዕሉ ዳግመኛ ሊነሣ አይችልም። አጎቴ ኖይዙን ሲቀንሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ተመለከትኩ። መጠኑን እጅግ ከፍ ባደረጉት ጊዜ ጨለማው ጠራ፤ ዳሩ ግን የአያቴ የግንባር መስመሮችና የነጠላቸው ጥለት አብረው ጠፉ፤ ፊታቸውም ሰም የተቀባ መሰለ። እናቴም አይታ፣ «እኚህ እማዬ አይደሉም» አለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠይም ፊት ከነጭ ነጠላ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ ኖይዙ በፊቱ ላይ ይበዛል፤ ማለስለሻውም በዚያው ላይ ይበረታል። መሣሪያው ደግሞ ቀጭን የፊት መስመርን ከኖይዝ ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። አጎቴ መጠኑን ዝቅ አድርገው፣ የተከታታይ ሥዕሎችን ዘዴ ብቻ በልክ ተጠቀሙ። ጥቂት ነጠብጣብ ቀረ፤ የአያቴም ፊት ተመለሰ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የወላጆቻችሁንና የአያቶቻችሁን ሥዕል በምታነሡበት ጊዜ አስቀድማችሁ መብራት አቅርቡ፤ ወይም ወደ መስኮት አስጠጓቸው። ኖይዙን ስትቀንሱም ዓይናችሁ በጨለማው ላይ ሳይሆን በፊታቸው ላይ ይሁን። ያልተነካውንም ዋና ቅጂ ከቶ አታጥፉ፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ሥራው የሚጀመረው ከእርሱ ነውና።