ፓኬት ኬላውን ስንት ጊዜ ያልፋል?

ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ኔትወርክ ካርዱንም ዲስኩንም የሚያዝ እሱ ነው። ብራውዘሩ፣ ዳታቤዙና እኛ የምንጽፋቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ዩዘር ስፔስ በሚባለው ወገን ይኖራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ኬላ የተሠራው አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ማሽኑን ሁሉ ይዞ እንዳይወድቅ ነው። ኬላው ግን ቀረጥ አለው፤ እያንዳንዱ መሻገር ጊዜ ይበላል።

ቀረጡ የሚከብደው መስመሩ ሲፈጥን ነው። በ10 ጊጋቢት ኤተርኔት ላይ ባለ 64 ባይት ፓኬቶች በሰከንድ እስከ 14.88 ሚሊዮን ሊጎርፉ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 67 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ለ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር 200 ዑደት ብቻ። አንድ ኮር በዚህች ጊዜ ውስጥ በከርነሉ የተለመደ መንገድ ሚሞሪ መድቦ፣ አድራሻ መርምሮ፣ ይዘቱን ለፕሮግራሙ ገልብጦ አይጨርስም።

በኢንቴል የተጀመረው ዲፒዲኬ የተባለው የፕሮግራም መሣሪያ ስብስብ ከርነሉን ጨርሶ ያልፈዋል። ፕሮግራሙ ከዩዘር ስፔስ ሆኖ ካርዱን በቀጥታ ያነጋግራል፤ ቀስቃሽ ሳይጠብቅ «ፓኬት መጣ?» እያለ ያለማቋረጥ ይፈትሻል። ፍጥነቱ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። በምላሹ አንድ ኮር፣ ፓኬት ኖረም አልኖረም፣ መቶ በመቶ ይያዛል፤ የከርነሉ ፋየርዎልና ቲሲፒም አብረው ይቀራሉ።

እንግዲያው ዩዘር ስፔስ ይፈጥናል ማለት ነው? ቪፒኤን ተቃራኒውን ያሳያል። የተለመደው ኦፕንቪፒኤን በዩዘር ስፔስ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ፓኬት ከከርነሉ ወጥቶ፣ ተመስጥሮ፣ ለመላክ እንደገና ወደ ከርነሉ ይመለሳል። ሌላው ቪፒኤን ዋየርጋርድ ግን ምስጠራውን እዚያው ከርነሉ ውስጥ ይጨርሳል፤ ከ2020 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። ኦፕንቪፒኤንም በ2023 በወጣው 2.6 ስሪቱ የዳታውን ሥራ ወደ ከርነል የሚያዛውር አማራጭ አቀረበ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቴይልስኬል የተባለው የቪፒኤን ኩባንያ መሐንዲሶች የዋየርጋርድን የዩዘር ስፔስ ስሪት ብዙ ፓኬቶች በአንድ ጊዜ እንዲያሻግር አድርገው በሰከንድ ከ10 ጊጋቢት በላይ አደረሱት።

ስለዚህ በእኔ እምነት ወሳኙ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ወገን ሳይሆን የመሻገሪያው ብዛት ነው። በ2016 ከሊኑክስ 4.8 ጋር የመጣው ኤክስዲፒም ይህንኑ ይከተላል፦ ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨሩ ውስጥ ገብታ የማይፈለገውን ፓኬት ገና በር ላይ ትጥላለች። የኔትወርክ ኩባንያው ክላውድፍሌር የጥቃት ጎርፍን የሚመክተው በዚህ ነው።

ለተራ ድረ ገጽ ወይም የሞባይል አገልግሎት የከርነሉ ሶኬት ከበቂ በላይ ነው፤ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የዳታቤዝ ጥያቄው ነው። ዲፒዲኬን ከመጫንዎ በፊት ፐርፍ የተባለውን የሊኑክስ መለኪያ ያስነሱና ጊዜው የት እንደሚያልቅ ይለኩ።