ምላስ የማይለየው
የጅቡቲ ከተማ የጉድጓድ ውኃ እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይጣራል?

ደጋው በዝናብ በሚርስበት በሰኔና በሐምሌ ወር ጅቡቲ ከተማ የእቶን አፍ ትመስላለች። ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋውን እያነሣ በየደጁ ይበትናል፤ የሙቀት መለኪያውም ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የለም። እንዲህ ባለው ስፍራ ጥም የያዘው ሰው የቀረበለትን ውኃ «በውስጡ ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቀዝቃዛ ከሆነና ጨው ጨው ካላለው አመስግኖ ይጠጣል። የዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የሚያነሣው ይህንኑ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የጎረቤት አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወደብ ሥራ፣ በጭነት መኪና አሽከርካሪነትና በንግድ ምክንያት በጅቡቲ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ከአንባቢዎቻችንም መካከል ወንድም ወይም እኅት እዚያ ያለው አይጠፋም። በዚህ በኩልም ቢሆን በድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ከልክ በላይ የሆነባቸው ጉድጓዶች መኖራቸውን አሳይተዋል። የሠራዊት ቤተሰብ ደግሞ ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚዛወር እንደ መሆኑ መጠን ዛሬ የሚጠጣው ውኃ ከአምናው የተለየ ነው። ከ1853 እስከ 1856 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የክሪሚያ ጦርነት በሽታ የፈጀው ወታደር በጥይት ከወደቀው ይበልጥ እንደ ነበርና ከበሽታዎቹም ኮሌራና ተቅማጥ በግንባር ቀደምነት ይቆጠሩ እንደ ነበር የውትድርና ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ጅቡቲ ከተማ በ1888 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ፈረንሳዮች ዋና መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደዚያ እንዲያዛውሩ ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ ለመርከብ የሚመቸው ወደብ ሲሆን፣ ሌላው በአምቡሊ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ነበር። አምቡሊ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ብቻ ጎርፍ ይወርድበታል። ያ ጎርፍ በአሸዋውና በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰርጎ ይቀመጣል። የቴምር ዛፍና የአትክልት ጓሮ የለማው፣ የከተማው ሕዝብም ለብዙ ዘመን የጠጣው ከዚህ ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ግን ከጉድጓዱ የሚወጣው ጎርፉ ከሚተካው በለጠ። ጣፋጩ ውኃ ቀላል በመሆኑ ከባዱ የባሕር ውኃ ላይ ተንሳፎ የሚኖር ነው። በሒሳብ ሲታይ የጣፋጩ ውኃ ከፍታ በ1 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለው የጨው ውኃ ወሰን እስከ 40 ሜትር ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጎደለ የሄደው ጉድጓድ ባንድ ወቅት ድንገት ጨው ጨው ማለት ቢጀምር የሚያስገርም አይሆንም።

መንግሥታት ለዚህ መላ አልፈለጉም አይባልም። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሃዳጋላ አጠገብ ካለው ከኩለን ሸለቆ ተቆፍሮ የወጣው ውኃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ፣ በአሊ ሳቢህ በኩል አድርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ከተማ ገብቷል። ሥራው የተሠራው ከቻይና ኤክሲም ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን፣ የታቀደውም በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን ጨው የሚያስወግድ ፋብሪካ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ተመርቋል፤ መነሻ አቅሙ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው። ይሁን እንጂ ቧንቧ ባልደረሰበት ሠፈር ውኃ በቦቴ ይመጣል፤ በበርሜልና በጀሪካን ይቀመጣል፤ ቧንቧ ባለበትም ቤት በጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ በፀሐይ ሲፈላ ይውላል። የግቢ ጉድጓድ ያለውም ጉድጓዱን አልደፈነውም።

አሁን በአምቡሊ አቅጣጫ በምትገኝ አንዲት ግቢ ውስጥ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት ብንኖር ምን እናደርግ ነበር ብለን እናስብ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፤ ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ ጨውነቱም ለቡና ካልሆነ በቀር የሚያስመርር አይደለም። (የቡና ነገር የማይናቅ ምስክር ነው። አፍ የለመደው ሰው የውኃውን መለወጥ አስቀድሞ የሚያውቀው በአቦሉ ነው።)

ምርመራው በዓይን ይጀመራል። መጸዳጃ ቤት፣ የከብት በረት ወይም የቆሻሻ ጉድጓድ ምን ያህል ይርቃል? የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ተገንብቷልን? ክዳንስ አለውን? በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ቆሻሻ እንደ አሸዋው ዘገም ብሎ ሳይሆን በስንጥቁ እየተንደረደረ ስለሚጓዝ፣ በጭቃማ መሬት የሚበቃው ርቀት በባሳልት ምድር ላይ አይበቃም።

ሁለተኛው የጀርም ምርመራ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት የሚሠራ ቀላል ዘዴ አለ፤ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ በውኃው ተሞልቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በሞቃት ቦታ ይቀመጣል። ውኃው ከጠቆረ ከሰገራ የመጡ ባክቴሪያዎች አሉበት ተብሎ ይጠረጠራል። የጅቡቲ ሙቀት ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል፤ ማሞቂያ መሣሪያ አያስፈልግም። አስቀድሞ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ያለው ውኃ ግን ጠርሙሱን ያለ ጀርም ሊያጠቁረው ስለሚችል ቤተ ሙከራ ይታይ።

ሦስተኛው ጨው ነው። ብዕር የምታህል፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን የምትለካ መሣሪያ በብርጭቆ ውስጥ ስትነከር ቁጥር ትሰጣለች። የባሕር ውኃ ወደ 50,000 ገደማ ያስነብባል፤ የመጠጥ ውኃ ከ1,500 ገደማ ሲያልፍ ምላስ መቃወም ይጀምራል። ቁጥሩ በየወሩ በደብተር ቢጻፍ፣ ባሕሩ ወደ ጉድጓዱ እየቀረበ መሆኑ ምላስ ከመንቃቱ በፊት ይታወቃል።

እስከዚህ ድረስ ያሉት በመጠኑም ቢሆን ራሳቸውን የሚገልጡ ናቸው። የሚከፉት ግን ቀለምም ጣዕምም ሽታም የሌላቸው ናቸው። ናይትሬት ከመጸዳጃ ቤት፣ ከፍግና ከማዳበሪያ ሰርጎ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ የዱቄት ወተት በውኃው ተበጥብጦ የሚጠጣ ጨቅላ ሕፃን ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነውና ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። ናይትሬትን በቀለም መለወጫ ወረቀት በቤት ውስጥ መመርመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ደግ እናት የምትሳሳትበትን ነገር ሳንገልጥ ብናልፍ ይህን ጽሑፍ መጻፋችን ከንቱ በሆነ ነበር። «ውኃውን አፍልቼዋለሁ» ትላለች። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን ሦስት ደቂቃ። ጨውን፣ ናይትሬትንና ፍሎራይድን ግን አይነካም። እንዲያውም ያከማቻቸዋል። በሊትር 45 ሚሊ ግራም ናይትሬት ያለው 1 ሊትር ውኃ ሲፈላ ቆይቶ ሦስት አራተኛ ሊትር ቢቀር፣ መጠኑ በሊትር 60 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለሕፃኑ ሲባል ረዘም ላለ ጊዜ የፈላው ውኃ ከልኩ በታች የነበረውን ከልኩ በላይ አደረሰው ማለት ነው።

ፍሎራይድም የስምጥ ሸለቆ ጠባይ ነው፤ ልኩ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ወንጂን ያስታውሷል። በዚያ የስኳር እርሻ አንዳንዶቹ ጉድጓዶች በሊትር 10 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ፍሎራይድ የያዙ ነበሩ። የሠራተኞቹ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አደገ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ከጠጡት ሠራተኞችም አከርካሪያቸው ደርቆ መጎንበስ መቃናት የተሳናቸው ነበሩ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለጎርፍ ብቻ አልነበረም። አርሴኒክም በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ተገኝቷል፤ ልኩ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በባንግላዴሽ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡን ከተቅማጥ ለማዳን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ አርሴኒክ እንዳለባቸው የታወቀው ሰው ታሞ ካለቀ በኋላ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ የውኃ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ መላክ ግድ ነው፤ የአንድ ጊዜ ወጪ ነውና ባይሣሣበት እንመክራለን።

ወደ ማጣራቱ ስንመጣ ቁም ነገሩ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ድፍርስ ውኃ በመጀመሪያ ይዘቅጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ድፍርሱን እንደሚያጠራ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ለጀርም ክሎሪን ይጨመራል። ሽቶና ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆያል። በረኪና በሙቀት ኃይሉን ስለሚያጣ በጅቡቲ ገበያ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የቆየውን መግዛት ውኃ መግዛት ነው። በጣሪያ ላይ ባለ ሮቶም ክሎሪን ቶሎ ይተናል።

ጨው፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ ባንድነት ካሉ በቤት ውስጥ የሚያዋጣው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ውኃውን በግፊት በቀጭን ስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። አርሴኒክንም ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው መጠን ግን እንደ አርሴኒኩ ዓይነት ነው። መሣሪያው ከሚገባው ውኃ ብዙውን መልሶ ይደፋል፤ የተደፋው ለወለል ማጠቢያ ይሁን። ክሎሪን ስሱን ሽፋን ስለሚበላው ውኃው አስቀድሞ በከሰል ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ወደ ዕቃ ሲገባ ደግሞ ክሎሪኑ የለምና በታጠበና ክዳን ባለው ዕቃ መቀመጥ፣ ከቆየም በጥቂቱ እንደገና ክሎሪን ማግኘት አለበት። ሽፋኑ መቀደዱን ያቺው የጨው መለኪያ ትነግራለች፤ የገባውና የወጣው ውኃ ቁጥር ሲቀራረብ መለወጫው ደርሷል። ችግሩ ፍሎራይድ ብቻ ከሆነ ግን የተከሰለ አጥንት ወይም አክቲቬትድ አሉሚና ይበቃል።

መሣሪያውን መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ውኃውን በአገልግሎት ይክፈል። ለአምስት ሰው መጠጥና ምግብ በቀን ሁለት ጀሪካን ገደማ ይበቃል፤ እርሱን ከቧንቧው መስመር ማስመጣት፣ የጉድጓዱን ለልብስና ለገላ ማድረግ ነው። የሕፃኑ ጡጦ ውኃ ግን ናይትሬት ካልተመረመረ ጉድጓድ አይቀዳ፤ ጡት ለሚጠባ ሕፃን ይህ ሥጋት እጅግ ያነሰ ነው።

የአምቡሊ ጎርፍ በሚያዝያ 2004 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው ገድሏል፤ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. የጣለውም ከባድ ዝናብ ሠፈሮችን አጥለቅልቋል። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውኃው ተስቦ ይወጣል፤ ግድግዳው ይታጠባል፤ በክሎሪን ይታከማል። የጠርሙሱ ምርመራም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ባይጠቁር እንኳ ከሳምንት በኋላ ይደገማል።