የሲሚንቶ አቧራ በደረቁ አይጠረግ

እዚህ ሉማሜ ለልጇ የሳል ሽሮፕ የምትጠይቀኝን እናት አንዳንዴ «ቤት እያሳደሳችሁ ነው?» እላታለሁ። ሽሮፕ አቧራ አያጠፋም። ደረቅ መጥረጊያም ደቃቁን ብናኝ ያስነሳዋል፤ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆይና ሳንባ ይገባል፣ የቀረው መልሶ ዕቃ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በአገራችን ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የጽዳት ሠራተኞች ከመጠን በላይ ለአቧራ እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

ልጆችንና አስም ያለበትን አርቁ፤ መስኮት ክፈቱ። ወለሉን ውኃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ፤ ውኃ ከበዛ ግን የፈሰሰው ሲሚንቶ ይረጋና ይጣበቃል። ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ውኃው ቆሽሿልና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ሴራሚክ ላይ የቀረውን በውኃ የቀጠነ አቼቶ ያለቅቀዋል፤ እብነ በረድን ግን ይበላዋል። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መስጂድ ሲታደስም እንዲሁ ነው። ሱጁድ ስናደርግ አፍንጫችን ምንጣፉ ላይ ነውና፣ ወለሉ ተወልውሎ ሳይደርቅ ምንጣፍ አይነጠፍ።