የፊንጢጣ መሰንጠቅና ሕክምናው

በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው በጁባ ከተማ በበጋው ወራት ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በቂ ውኃ ያልጠጣ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ የጠጠረውም ዐይነ ምድር የፊንጢጣውን ስስ ቆዳ ይሰነጥቀዋል። ሕመሙን የፈራ ሰው ወደ መጸዳጃ መሄድን ያዘገያል፤ በዘገየም ቍጥር ዐይነ ምድሩ ይበልጥ ስለሚጠጥር ቍስሉ ደጋግሞ ይቀደዳል።

ምልክቱ በሚጸዳዱበት ጊዜ እንደ ምላጭ የሚቈርጥ ሕመምና ጥቂት ደማቅ ቀይ ደም ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ኪንታሮት ነው ብሎ የሚያቃጥል ቅጠል ያስደርጋል፤ ይህም ቍስሉን ያብሳል። የውስጥ ኪንታሮት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያም ይደማል። ሐኪም ቦታውን በዐይኑ በማየት ሁለቱን ሊለይ ይችላል።

ሕመምተኛው ውኃ በብዛት ቢጠጣ፣ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ቢመገብ፣ በየቀኑም ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢቀመጥ፣ አዲስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ከ6 ሳምንት በላይ የቈየ እንደ ሆነ ጡንቻውን የሚያላላ ቅባት፣ ይህም ካልረዳ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል።

ደሙ የጠቈረ ወይም ሰውነቱ የከሳ ሰው ሌላ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሐፍረት ሳይዘው እንደ ጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወዳለ ሕክምና ቤት ፈጥኖ መሄድ ይገባዋል።